ለሌላው የሚራገጥ ልጅ

ኮስታራውን የሰደበው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ሹፌሩ። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ቦታው አማቱ ቤት፣ የሚስቱ ማርገዝ በተነገረበት ጠረጴዛ ላይ። ማን የት ተቀምጦ እንደነበር ሳይቀር ያውቀዋል። አማቱ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ሚስቱ ከእናቷ ጎን፣ ጎረቤትየዋ መስኮቱ ስር፣ ሹፌሩ ደግሞ የሟች አባቱን ወንበር ይዞ፣ ስቴኪኒ እያላመጠ።

እሱ ደስታውን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ብርጭቆው እጁን ዘረጋ። ጥፋቱ ይኸው ነው፣ እጁን መዘርጋቱ። ሹፌሩ ያንን ጥቁር ዘይት የጠጣ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ እጅ ከፍ ዝቅ አድርጎ አየና፣

«እናንተ፣ በዚህ እጅ ነው ልጅ የሚታቀፈው? አደራህን አማች፣ ጎማ መስሎህ እንዳትነፋው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አማቱ «ተው አንተ ባለጌ!» አሉ፤ ያሉት ግን እየሳቁ ነው። ጎረቤትየዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እንግዲህ የሹፌር አፍ ነው፤ መንገድ ላይ ሲሳደብ ውሎ ቤት ሲገባ አደብ ይገዛል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ሌሎቹንም ይሁን ብሎ ያልፋቸው ነበር። ሚስቱ ግን ሳቀች። አፏን በመዳፏ ከድና፣ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ ሳቀች። ውስጡ የቀረችው ያቺ ሳቅ ናት።

መልስ አጥቶ አይደለም ዝም ያለው። መልስ መጥቶለት ነበር፤ ችግሩ የመጣለት ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ነው።

ጎማ ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ኮስታራው» ይለዋል፤ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አልዘለቀም፤ ያስቆመውን መምህር፣ ያለውንም ቃል አልረሳውም። ሰላም ብሎት ሲያበቃ እጁን በመሀረብ የጠረገውን ባለ መኪና እስከ ኮቱ ቀለም ይነግርሃል። ሌላው ሰው ሳንቲም ያጠራቅማል፣ እሱ ይህን ያጠራቅማል።

በማግሥቱ ቫዝሊን ገዛ። ለማንም ሳይናገር እጁን ማለስለስ ጀመረ። ጠዋትና ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ በሳሙና ይዘፈዝፈዋል፤ ሚስቱ ተረከዟን በምትፈገፍግበት ድንጋይ መዳፉን ይፈገፍጋል፤ ቫዝሊኑን ይቀባና ሲተኛ በአሮጌ ካልሲ ይሸፍነዋል። ሚስቱ ስታየው «በረደህ እንዴ?» አለችው። «አዎ፣ በረደኝ» አለ።

ሥራ ቦታም ጓንት ማድረግ ጀመረ። አጠገቡ ባትሪ የሚሞላው ሽማግሌ ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

«ሙሽራው! የጥፍር ቀለም ብቻ እኮ ነው የቀረህ!»

ኮስታራው ጓንቱን አጥብቆ ወደ ጎማው አጎነበሰ። ጓንቱ እያለም ጎማ ማውለቂያው ብረት በለሰለሰው ቆዳ ላይ ቢንሸራተት ይልጠዋል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ይፈነዳል። እንደ ጀማሪ እየተቃጠለ ዋለ። ግን ያ እንደ ቀንድ የጠጠረው የመዳፉ ቆዳ ልጥ ልጥ እያለ ሲወርድ እያየ፣ በሕይወቱ ለማንም ያላደረገውን ነገር ለዚህ ልጅ እያደረገ እንደሆነ ገባው። ሕፃኑ ሲመጣ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል። ምኞቱ ይቺው ናት።

ሆዷ ገፋ አለ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ተንቀሳቀሰ! ዛሬ ተንቀሳቀሰ! እማዬም ዳስሳ አየችው። ጎረቤታችንም ጠርቻት ነካችው።»

«ጎረቤታችንም?» አለ።

«አዎ! እሷማ ጮኸች!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይላል። እጁን ያሞቃል። ሆዷ ላይ ያሳርፋል። ይጠብቃል። ምንም።

«ቆይ፣ ጠብቅ» ትላለች። «አሁን አሁን እኮ ሲራገጥ ነበር።»

ይጠብቃል። ምንም። እጁን ሲያነሳ፣ ጫማውን ሲያስር፣ ከኋላው «ውይ! ይኸው! አንተ ስትነሳ!» ትላለች። ተመልሶ ይዳስሳል። እንደ ድንጋይ ዝም። ነገ እንዲሁ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ለአማቱ ይራገጣል፣ ለጎረቤት ይራገጣል፣ እንቁላል ለምታመጣው ሴትዮ እንኳ ተራግጧል።

«ገና ሳይወለድ ናቀኝ» አለ አንድ ቀን።

«ማን?»

«ልጅሽ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ!» አለችና ልትስቅ ስትል ፊቱን አይታ ዋጠችው። «እሑድ እማዬ ጋ እንሂድ? ወንድሜም ይመጣል» አለች።

«ሥራ አለኝ።»

«እሑድ?»

«እሑድ ጎማ አይተነፍስም?»

«ቆይ፣ ወንድሜ ምን አደረገህ? እሱ ባለበት ቤት መግባት ካቆምክ ስንት ጊዜህ ነው። ንገረኝ፣ እኔው ራሴ አናግረዋለሁ።»

ተመለከታት። ያንን እሑድ አታስታውሰውም። ሆዱን ያሳረረውን ሳቅ ስቃ፣ ዕቃ አጥባ፣ ረስታዋለች። እንግዲህ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ምንም አላደረገኝ» አለ።

ባትሪ ሞይው ሽማግሌ ግን ነገር በመቅመስ የታወቀ ነው። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ የነገሩን ጭራ ይዟል። ጓንቱን እያየ፣ «ስማ» አለው፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም። ወይ ተናገረውና ይውጣልህ፣ ወይ ተወው።»

«ማንም ምንም አላለኝም።»

«እሱማ ፊትህ ላይ ይነበባል» አለና ወደ ባትሪው ተመለሰ።

ለምርመራ የሄዱ ቀን፣ ነርሷ ሚስቱን አይታ ስትጨርስ፣ ኮስታራው በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ለእኔ አይንቀሳቀስም» አለ።

«እንዴት ለአንተ?» አለች ነርሷ። በዕድሜ ታናሹ ናት፤ «አንተ» ማለቷን እዚያው መዘገበባት።

«ለሁሉም ሰው ይንቀሳቀሳል። እኔ ስነካው ይተኛል። እጄ ጠንክሮ ይሆን እንዴ የማይሰማኝ?»

ነርሷ እጁን ተቀብላ ገለበጠችው። «ይሄማ ከእኔ ይለሰልሳል!» አለች። ሚስቱ እጁን ያን ጊዜ ነው አስተውላ ያየችው። አየችና፣ ካልሲው ትዝ አላት መሰለኝ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ነርሷ ቀጠለች፤ «ምንም ችግር የለውም። ብዙ ጊዜ እናትየዋ ስትስቅ፣ ዘና ስትል ነው የሚራገጠው። እንደ ፖሊስ ፊትህን አኮሳትረህ፣ እጅህን ጭነህ ብትጠብቅ፣ እኔም ብሆን አልንቀሳቀስ! አስቃት፤ ቀልድ ንገራት።»

«ቀልድ?»

«አዎ፣ ቀልድ። በሐኪም ትእዛዝ!»

በመንገድ ላይ ሚስቱ ክንዱን ያዘች። «ለልጁ ብለህ ነው እጅህን እንዲህ ያደረግኸው?» አለችው በዝግታ። «አቧራ ገባኝ» ብሎ ዓይኑን አሸ። ያን ጊዜ ያንን እሑድ ቢነግራት ያልቅለት ነበር፤ ቃሉ ጥርሱ ድረስ መጥቶ ነበር። ከጥርሱ ግን አላለፈም።

ቀልድ ፍለጋ ወደ ባትሪ ሞይው ሽማግሌ ሄደ። አንድ ነገረው፤ ስለ ሁለት ሰካራሞችና ስለ አንድ በር። ኮስታራው ቀኑን ሙሉ ጎማ እየደበደበ አጠናው። በማግሥቱ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ እጁን ሆዷ ላይ ጭኖ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ሆኖ ተረከው። መጨረሻውን አስቀድሞ ተናገረ፤ ተመልሶ አረመው።

«ጥሩ ነው» አለች ሚስቱ። ፈገግ አለች፤ የእዝን ፈገግታ። ልጁ አልተንቀሳቀሰም።

እሷን ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ የሚያስቅ አንድ ቀልድ እንዳለ ያውቃል። ስለ ጎማና ስለ መንፋት ነው። እሱን ከሚናገር ግን ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል።

ቅዳሜ ሥራውን በጊዜ ዘጋ። አዲስ ቀልድ ይዟል፤ ይሄኛው አጭር ነው፣ ለመሳሳት አይመችም። ወደ ቤቱ መታጠፊያው ላይ የሹፌሩን የጭነት መኪና ቆሞ አገኘው። የኋላ ጎማው አየር ጎድሎታል። የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይነግረው ነበር።

ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ እጁን ታጠበ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ መዳፎቹን ብብቱ ስር አድርጎ አሞቃቸው። ከውስጥ የሹፌሩ ድምፅ ይሰማል።

«…ልጄን ታቅፌ ቆሜ፣ ‹ይኸውላችሁ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው!› ብዬ አፌን ሞልቼ ሳልጨርስ፣ ሸሚዜ ላይ ሽንቱን ለቀቀው! እንግዳ ሁሉ እያየኝ!»

በሩ ገርበብ ብሏል። ሚስቱ አልጋው ላይ ተደግፋ፣ አፏን በመዳፏ ከድና፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ያችው ሳቅ ናት፤ አንድም ሳይጎድልባት። አማቱ ከጎኗ ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘዋል።

«ውይ! ውይ ረገጠኝ!» አለች ሚስቱ በድንገት። «ና፣ ና ንካው!» የወንድሟን እጅ ስባ ሆዷ ላይ አደረገችው። ያ አፈኛ ሹፌር ጎንበስ አለ። ፊቱ እንደ ሕፃን ሆነ።

«እውነትም!» አለ። «ኧረ ይሄ ጉልበተኛ ነው!»

በዚህ መካከል ባሏን በሩ ላይ አየችው።

«መጣህ! ና ቶሎ፣ አላቆመም! እጅህን አምጣ!»

ሹፌሩ ፈጥኖ እጁን አነሳና ቦታ ለቀቀ። «ና አማች። ያንተ ነው፣ ግባ።»

«ምን ይገትርሃል ልጄ፣ ግባ እንጂ» አሉ አማቱ።

ከቆመበት ይታየዋል። የቀሚሷ ጨርቅ ከውስጥ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። እውነት ነው፤ አለ፤ ይራገጣል። እጁ ሳያዘው ከብብቱ ወጥቶ ተዘርግቷል፤ አንድ እግሩም ደፉን አልፏል። ሹፌሩ ያንን እጅ አየ። ምንም አልተናገረም። ከከንፈሩ ጥግ ላይ ግን የሆነ ነገር ውልብ አለ፤ ወይም ውልብ ያለ መሰለው።

ኮስታራው እጁን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ። ሳቁ ከፊቷ ገና አልጠፋም፤ አንድ እጇ ወደ እሱ ተዘርግቷል። «ስማ እንጂ፣ ቶሎ በል፣ ሊተኛ ነው!»

ደፉን መልሶ ተሻገረ። ግቢውን አቋረጠ። የውጭውን በር ሲከፍት ሁለተኛ ጠራችው፤ አሁን ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ የለም። ሰማት። መንገዱን ይዞ ሄደ።