በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ ነበር አባቴ። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ተመንጥሬ አላውቅም።

ጉልበቴን ካመመኝ አምስት ዓመት ሆነኝ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ስንመጣ ሁለት ልጅ አዝዬ የወጣሁበት ጉልበት ነው፤ አሁን ኪርያት ኖርዳው በሚሉት ሰፈራችን ሦስተኛ ፎቅ መውጣት አቃተው። በበጋው መጨረሻ ኩፓት ሆሊም በሚሉት ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም፣ ዶክተር ሊሮን፣ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ያን ቀን አስተርጓሚው ስላልነበረ የተረጎመችልኝ የልጄ የዘመነ ሚስት ዲክላ ናት። ዲክላ እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ እንደ ጥጃ ይዘላል። አንቱ የሚለው ቃል አፏ ላይ አያርፍም፤ «አንቺ» ትለኛለች።

ከመድኃኒት ቤት ስትመለስ የሰባቱ ቀን ስም የተጻፈበት የፕላስቲክ ሳጥን ይዛ መጣች። በእያንዳንዱ ቀን ጉድጓድ ሁለት ሁለት ጨመረችበት፤ አንድ ነጭ ክኒን፣ አንድ ቢጫ እንክብል።

«ነጩ ለጉልበት፣ እማማ። ቢጫው ለሆድ።»

«ሆዴን አመመኝ ማን አለሽ?»

«ለሆድ ነው። ዶክተር አለች። ትውጪዋለሽ፣ ቤሴደር? እሺ?» ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ጉልበቱን ለታመመ ሰው የሆድ መድኃኒት ሲሰጡት መጠርጠር አለበት። በዚያው ሳምንት ደግሞ ክፍሌን በሜትር ስትለካ ያዝኳት። አልጋዬን ለካች፣ ግድግዳውን ለካች፣ ስልኳ ላይ ጻፈች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» ስላት፣ «ምንም» አለች።

በእኛ አገር በቁሙ የሚለካ ሰው የለም፤ የሚለካው ሬሳ ነው። ልጆቿ በአንዲት ክፍል ተጨናንቀው እንደሚተኙ አውቃለሁ። የእኔ ክፍል እንደሚያምራትም አላጣሁትም።

ስለዚህ ነጩን ዋጥኩ፤ ቢጫዋን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ።

ነጩንም የምውጠው እንደ ወጉ ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳልቀምስ። አገራችን ሳለን ኮሶ የሚጠጡ ጥሬ ሥጋ የሚበሉት ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ እኛ በሃይማኖታችን ጥሬ አንበላም። ቢሆንም ሥሩም ቅጠሉም ፌጦውም በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው። መድኃኒት እህል ካገኘ ኃይሉ ይሰበራል። ይህን የሚነግረኝ ሐኪም አያስፈልገኝም።

አልዋሽም፣ ጉልበቴ ተሻለው። ከገበያ ሽንኩርት ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሆዴ ነደደ፤ ከእምብርቴ በላይ ፍም ያስቀመጡበት ይመስላል። የሚብሰኝ ደግሞ ረፋድ ላይ፣ ዲክላ ትታልኝ የምትሄደውን ቁርስ ከበላሁ በኋላ ነው። ያኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። ቢጫዋን እንዳልዋጥኩ ነቅታ ምግቤ ላይ ማድረግ ጀምራለች!

ዓርብ ከሰዓት ሾርባ ስታቀርብልኝ፣ «ቅመሽ» አልኳት።

«ምን?»

«ቅመሽ። በአገራችን ጠላ የምትቀዳ ሴት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ቀምሳ ነው ለሰው የምትሰጥ። ምንም እንደሌለበት እንዲታይ።»

«እኔ አልራበኝም፣ እማማ» ብላ ሳቀች።

አልቀመሰችም። አያችሁ?

ከዚያ ወዲያ ከእጇ መብላት ተውኩ። እንቁላል ከነቅርፊቱ ቀቅዬ ራሴ እልጣለሁ፤ ሙዝ ራሴ ከገበያ እገዛለሁ። መርዝ በልጣጭ አያልፍም።

ልጄ ዘመነ አውቶቡስ ነጂ ነው። «እማዬ፣ ከስተሻል፤ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«ሚስትህን ጠይቃት። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ!»

ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። መንገድ ላይ ስንቱን መኪና የሚያስፈራራ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ይፈራል።

ሆዴ ግን እንቁላሉንም ሙዙንም በልቼ አልበረደም። ሰገራዬም እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ በእኔ ዕድሜ ስለ ሰገራ አይወራም። ለራሴ ግን፣ «ፈንታዬ፣ እየገደለችሽ ነው» አልኩ።

ልትገድለኝ ከሆነ እንዲያው በዋዛ አልሞትላትም፤ ሐኪም ፊት አስይዛታለሁ። ኩፓት ሆሊም ብዙዓየሁ የሚባል አስተርጓሚ አለ፣ የእኛው የጎንደር ሰው። እሱ በሚገባበት በሐሙስ ቀን ተራ እንድታስይዝልኝ ራሷን ዲክላን ለመንኳት። ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ። ወጥመዱ ውስጥ በእግሯ ገባች።

ሐኪሟ ፊት እንደተቀመጥን፣ ገና «ሻሎም» ሳትል ነጠላዬን ፈታሁ። ሃያ ሦስት እንክብል ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ሁለቱ መሬት ወደቁ።

«ብዙዓየሁ፣ ንገርልኝ። ይህን መርዝ የምትሰጠኝ ይቺ ናት። አልውጥም ስላት ምግቤ ላይ አደረገችው። ክፍሌንም ለክታለች።»

እንዲህ ያለው አማርኛ ሲሆን ዲክላ ሁሉም ይገባታል። ፊቷ አመድ መሰለ።

ሐኪሟ አንዷን አንስታ አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ለብዙዓየሁ ረጅም ነገር ነገረችው።

ጉሮሮውን ጠራረገ። «እማማ ፈንታዬ፣ ይህን ያዘዘችው ራሷ ሐኪሟ ናት። ነጩ የጉልበትን ሕመም ያስታግሣል፤ ሆድን ግን ይልጣል። ይቺ ቢጫዋ ሆድ እንዳይላጥ የምትጠብቅ ጋሻ ናት። ጋሻውን ቋጥረው ጦሩን ሲውጡ ከረሙ።»

«እሷ እንዲህ አላለችኝም!»

«ለሆድ አልኩሽ!» አለች ዲክላ። «ለሆድ፣ ለሆድ አልኩሽ!»

እውነቷን ነው። ብላለች።

«ነጩን መቼ ነው የሚውጡት?» አለ ብዙዓየሁ።

«ጎህ ሲቀድ፣ ምራቄን እንኳ ሳልውጥ።»

«በባዶ ሆድ?»

«ታዲያ መድኃኒት ጠግበው ይውጡታል? የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ሊስቅ ቃጥቶት ተወው። «የእኔም እናት እንዲሁ ነበሩ። እማማ፣ ከቁርስ በፊት የምትዋጠው ቢጫዋ ናት። ነጩ እህል ላይ ነው።»

ሐኪሟ ቀጠለችና የሰገራዬን ቀለም አስጠየቀችኝ። የአገሬ ወንድ ፊት፣ ምራቴ ፊት! ዓይኔን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአጥንት ሥዕል ላይ ተከልኩ። አንድ እጅ እጄን ያዘኝ። የመርዘኛዋ እጅ።

«እማማ፣ በይ» አለችኝ።

«ጥቁር» አልኩ። «እንደ ሬንጅ።»

ሐኪሟ ስልኩን አነሳች፤ ከዚያው በአምቡላንስ ወሰዱኝ።

ሆስፒታል አራት ቀን ተኛሁ። በጉሮሮዬ ቱቦ ሰደው ሆዴ ውስጥ የሚደማ ቁስል አገኙ። ደም ሰጡኝ። «ትንሽ ብትቆዪ እውነትም በሜትር ይለኩሽ ነበር» አለኝ ዘመነ። አራቱንም ቀን ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ዲክላ ናት። ይቅርታ የሚሉት ቃል፣ እንደ እሷ አንቱ፣ የእኔም አፍ ላይ አያርፍም።

ቤት ስመለስ አልጋዬ ዝቅ ያለ በሌላ ተለውጧል። አጠገቡ ግድግዳው ላይ ይዤ የምነሳበት የብረት መያዣ ተተክሏል። ልክክ ያለ ነው። ለካስ ሜትሩ ለዚህ ኖሯል። ነጩ ክኒን ከሳጥኑ ወጥቷል፤ ለጉልበቴ የሚቀባ ቅባት ነው የሰጡኝ፤ ደረጃውን እያቃሰትኩ እወጣለሁ። ቢጫዋ አለች፤ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት እውጣታለሁ።

ዲክላ ሾርባ አመጣች። ፊቴ ቆማ ማንኪያውን ነከረችና ወደ አፏ አነሳች።

እጇን ያዝኳት። «ተዪው። አትቅመሺ።»

«አንቺ አልሽ ቅመሽ።»

«አሁን ደግሞ አትቅመሺ አልኩ።»

ማንኪያውን ተቀብዬ ፉት አልኩ። ዓይኗን ከአፌ አልነቀለችም። ደገምኩ፣ ሠለስኩ።

«እና?» አለች። «መርዝ አለው?»

«መርዝስ የለውም። ጨውም የለውም።»

አፏን በእጇ ይዛ ጨው ልታመጣ ወጣች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላየሁም። እስክትመለስ ሳህኑን ጨርሼ ጠበቅኳት።