ክፉ ወሬ በእሁድ ብቻ

ውሃው ወደ በሩ ሄደ።

ባልዲውን የደፋችው ከጥጉ፣ ከሻወሩ ሥር ነበር። ውሃው በአዲሱ ሴራሚክ ላይ ስስ ሆኖ ተዘረጋና ትንሽ አመነታ። ከዚያ መውረጃውን በስተቀኙ ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣ። ጫማዋን አርሶ፣ ደፍ በሌለው በር አልፎ፣ ለእናቷ ካነጠፈችው አልጋ ሥር ገባ። ደፉን ያስነሳችው እሷ ናት፤ እናቷ በሁለት ምርኩዝ ስትገባና ስትወጣ እንዳያደናቅፋት ብላ።

ሁለተኛ ባልዲ ደፋች። ሁለተኛውም ወደ በሩ ሄደ። ሦስተኛውን ከመውረጃው አንድ ስንዝር ርቃ በቀስታ አፈሰሰችው። ውሃው ከአጠገቡ ያለውን ጉድጓድ ንቆ እሱም ወደ በሩ ሄደ። ሰው ቢሆን በሰደበችው።

ሴራሚክ አንጣፊው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዕቃውን እያጠበ ነበር። «ውሃ ልክህን አምጣልኝ» አለችው። አመጣላት። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቃትም፤ የተቆጣችው ያን ጊዜ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አጋደመችው። በብልቃጧ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ልትቆም እንኳ አልሞከረችም፤ ወደ ግድግዳው ተንሸራታ ዳር ያዘች። ከፍታው በግድግዳው በኩል፣ ዝቅታው በበሩ በኩል ነው። መውረጃውን ኮረብታ ላይ ሠርተውታል።

«መቼ አወቅክ?»

«ረቡዕ» አለ አንጣፊው። «ማክሰኞ አነጠፍኩ፤ ረቡዕ ሲደርቅ ውሃ ደፍቼ አየሁት። ተዳፋቱን ገልብጬዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ፣ አልክድም። ያኔውኑ ለጋሼ፣ ለባለቤትዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለኔስ?»

አንጣፊው የያዘውን ጨርቅ አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው። «እርስዎማ ራስዎ አይደሉ እንዴ የከለከሉን?»

ከለከሉን ያለው እውነቱን ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ በራሷ እጅ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ክፉ ወሬ በእሁድ ብቻ»። ሕጉን ያወጣችው እድሳቱ ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ ነው። ያን ሰሞን ግድግዳ በተነካ ቁጥር የዛገ ቧንቧ፣ ጣሪያ በተከፈተ ቁጥር የበሰበሰ እንጨት ይወጣ ነበር፤ ማታ ማታ ከባሏ ጋር በአቧራ መሃል ቆመው ይጨቃጨቃሉ፣ ጠዋት ተኳርፈው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ከመሥሪያ ቤቷ ባልደረቦች አንዷ፣ ቤት የሚያድስ ሰው ከግድግዳው በፊት መንፈሱን መጠበቅ አለበት አለቻት። ይኸው ጠበቀች። ሠራተኞቹን ሁሉ ሰብስባ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ንገሩኝ፣ የተበላሸውን ሁሉ ለባለቤቴ ነግራችሁ ለእሁድ ይቆይ አለች። ሠራተኞቹ ተያይተው ሳቁ፤ ቢሆንም ደስ ሳይላቸው አልቀረም። አለቃቸው በሳምንት ስድስት ቀን እንዳትቆጣ የተከለከለችበት ሥራ ከየት ይገኛል?

እውነቱን ለመናገር ሕጉ ሠርቷል። ቤቱ ባይሰምርም ትዳሩ ሰመረ። ባሏ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹ «አይዞህ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ አፉ ሌላ አያውቅም። ማታ ማታ ወገቡን ይዞ መሃል ቤት ይቆምና «ዛሬ አራት መስኮት ተቀባ፣ የኔ ጀግና» ይላታል። እሷም አራቱን መስኮት ብቻ ታያለች። ማሽላ እያረረች ትስቃለች የሚባለው ለሰው መሆኑን የምታውቅ ሴት፣ ሦስት ወር ሙሉ እያረረች ሳቀች። ችግሩ ውሃ እሁድን አይጠብቅም።

እናቷ ደግሞ የምትመጣው ዛሬ ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ተከራይታ ትኖርበት ከነበረው ፎቅ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋን ከሰበረች ወዲህ ደረጃ የሌለው ቤት ያስፈልጋታል። ይህ ሁሉ ማፍረስና መሥራትም ለዚያ ነው፤ ምድር ቤት ያለውን ዕቃ ቤት መኝታ ማድረግ፣ ከጎኑ መታጠቢያ መክፈት። ከሁለት ወር በፊት ስልክ ደውላ «ደርሷል እማዬ፣ ቀለም ብቻ ነው የቀረው» አለቻት። እናቷም የልጇን ቃል አምና የቤቷን ቁልፍ ለአከራይዋ መለሰች። ከዚያ ወዲህ በወንድ ልጇ ቤት፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛለች። የሱ ሽንት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ወንድሟም ትዕግሥቱ አልቆ ሰኞ ዕለት ቁርጡን ነገራት፤ ቅዳሜ አልጋና መታጠቢያ ተዘጋጅቶ ካላየ እናታቸውን አክስታቸው ዘንድ ይወስዳታል። የአክስታቸው ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። እዚያ ከሄደች እናቷን የምታያት በዓመት አንዴ፣ ከሆነላት ሁለቴ ነው።

ባሏን ወጥ ቤት አገኘችው። እያፏጨ የበሩን መቃን ይቀባል።

«ረቡዕ ነው የሰማኸው» አለችው።

ፉጨቱ ቆመ። ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው። «ነገ ልነግርሽ ነበር። ነገ እሁድ ነው።»

«እናቴ የምትመጣው ዛሬ ነው።»

«እስከ ሰኞ ባትታጠብስ? ከታጠበችም እኔ በሩ ላይ ቆሜ ውሃውን እየጠረግኩ እመልሳለሁ። ሰኞ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።» ቀና ብሎ አያት። «ትናንት ማታ አንሶላ ስታነጥፊ ታንጎራጉሪ ነበር። እድሳቱ ከተጀመረ ወዲህ ስታንጎራጉሪ የሰማሁሽ ትናንት ብቻ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ክፋት ቢሆን ይሻላት ነበር። ለክፋት መልስ አላት። ይሄ ግን ወዷት ነው ያደረገው፤ ወዶ ነው ሦስት ቀን የሰረቃት፤ የምትጮህበት ነገር አጥታ የበለጠ ነደደች።

«ረቡዕ ብትነግረኝ ሦስት ቀን ነበረኝ» አለች። «እናቴ አንድ ዳሌ ነው የቀራት።»

አንጣፊው ከኋላቸው መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ትንሽ ደፍ ብናወጣለትስ?» አለ ፈራ ተባ እያለ። «ውሃውን ያግደዋል።»

«እሷንስ?»

ባሏ ምንጣፍ ስለማንጠፍ አንድ ነገር ጀምሮ ዓይኗን ሲያይ ተወው። እሷ ከዕቃዎቹ መሃል ትልቁን መዶሻ መርጣ አነሳችና ወደ መታጠቢያው ገባች።

የመጀመሪያው ምት ሴራሚኩን ሰነጠቀው እንጂ አልሰበረውም፤ እጇን እስከ ትከሻዋ አነዘራት። በሁለተኛው ስብርባሪው ተስፈንጥሮ ቅልጥሟን ቧጨራት። በሦስተኛው ተቆጣች ማለት ያንሳል። አይዞሽ ያሏትን ሁሉ መታቻቸው። «የኔ ጀግና»ን መታችው። መንፈስሽን ጠብቂ ያለቻትን ባልደረባዋን፣ የተቀቡትን አራት መስኮቶች፣ የዛገ ቧንቧ አይታ በግድ የሳቀችበትን ማክሰኞ ሁሉ ወለሉ ላይ አስተኝታ መታችው። ከሁሉ ይልቅ ያንን ወረቀት በትልልቅ ፊደል የጻፈችውን ሴት መታቻት። ላቧ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገችውም። ደስ አላት ማለት ነውር ካልሆነ፣ ከወራት በኋላ ዛሬ ደስ አላት።

አንጣፊው ጥቂት ቆሞ አይቷት መሮና ትንሽ መዶሻ ይዞ አጠገቧ ተንበረከከ። «ከመውረጃው አካባቢ እንጀምር፤ ቧንቧውን እንዳንመታው» አለ። ዕድሜ ልኩን ያነጠፈውን ማፍረስ የለመደ ሰው መሆን አለበት፤ ሳይቆጭ፣ ሳይቸኩል ይፈነቅላል። ባሏ ደግሞ ፍርስራሹን በማዳበሪያ እየሞላ ወደ ግቢ ያወጣ ጀመር። ሲገባ ሲወጣ ቀና ብላ አላየችውም። እሱም፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ አይዞሽ አላለም።

ግማሹን ወለል እንዳነሱ ደጅ ላይ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ነው።

መዶሻዋን እንደያዘች ወጣች። ወንድሟ መሪውን እንደጨበጠ ነው፤ ሞተሩን አላጠፋም። እናቷ ከጎኑ፣ ሁለቱን ምርኩዞች በጉልበቶቿ መሃል አቁማ ተቀምጣለች። ወንድሟ በመጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ መዶሻውን፣ ከዚያ በሩ ላይ የተከመረውን ማዳበሪያ አየ።

«ገባኝ» አለ። «ልብሷ ከኋላ ተጭኗል። አሁን ከተነሳን ሳይመሽ የመንገዱን ግማሽ እንጨርሳለን።»

ከውስጥ የአንጣፊው መሮ ቀጭ ቀጭ ይላል። እናቷ ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዘንብላለች። «ምንድን ነው የሚፈርሰው?» አለች።

ባሏ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ደረሰ፤ ፈገግታውም አብሮት ደረሰ። «ምንም አይደለም እማማ፣ ትንሽ ማስተካከያ ናት፤ በሁለት ቀን...»

«ዝም በል» አለችው።

እናቷ ፊት እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ወደ መኪናው መስኮት ቀረበች። «መታጠቢያ ቤቱ ነው፣ እማዬ። ውሃው ወደ አልጋሽ ይፈሳል። ጠዋት ነው ያወቅኩት። ብትገቢበት ያንሸራትትሽ ነበር። እያፈረስኩት ነው።»

«መቼ ያልቃል?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ በቅርቡ፣ ቀለም ብቻ፣ ትንሽ ነው የቀረው። ሁለት ወር ሙሉ ሲመላለስ የለሰለሰ ቃል ነው፤ አፏን ከከፈተች በራሱ ይወጣል። ጥርሷን ነከሰች።

«አላውቅም።»

እናቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ቁልፌን ስመልስስ ታውቂ ነበር?»

«አይ። ያኔ ግድግዳውም አልተለሰነም ነበር።» መዶሻውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።»

ባሏ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። እሷም የራሷን ቃል ከአፏ እንደወጣ አወቀችው፤ ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ የሰማችው ያው ነው። ቁጣዋ የሚያርፍበት አጣ።

«ደስ እንዲለኝ» አለች እናቷ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሁለት ወር ሙሉ ወንድ ልጄ አዝሎ ሽንት ቤት ሲያደርሰኝ፣ ፊቱን አዙሮ ሲጠብቀኝ፣ ያ ሁሉ ደስ እንዲለኝ ነው። እያንዳንዷን ቀን፣ ነገ ነው፣ ልጄ ደርሷል ብላለች እያልኩ። ባይደርስ ምን ነበር? አልደረሰም ማለት ነው እንጂ። ቤቴ ነበረኝ እኮ።»

ወንድሟ ወደ መንገዱ ዞሮ ጉንጩን በመዳፉ አሸ። «እማዬ፣ እንሂድ» አለ ቀስ ብሎ።

እናቷ በሩን ከፈተች። አንዱን ምርኩዝ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን መሬት ላይ አቆመች። «አውርደኝ።»

«ምን ልትሆኚ? መታጠቢያ የለም እኮ።»

«አውርደኝ አልኩህ። መንገዱ የትም አይሄድም። መጀመሪያ የዋሸችኝን በዓይኔ ልየው።»

እሷና ወንድሟ እናታቸውን በሁለት በኩል ደገፏት። ክንዷን ልጇ እንድትይዘው ፈቀደች፤ ፊቷን ግን አልሰጠቻትም። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ወለሉ እስካሁን እርጥብ ስለሆነ ባሏ ባዶ ማዳበሪያ ከፊታቸው እያነጠፈ አሳለፋቸው። እናቷ አዲሱን አልጋ በጎሪጥ አይታ አለፈችው። ከወጥ ቤት የመጣላት ወንበር ላይ፣ ከመታጠቢያው በር ፊት ለፊት ተቀመጠች። አንጣፊው ብድግ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሰላምታውን ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ተቀበለችው። የተነሳውን ግማሽ፣ ያልተነሳውን ግማሽ፣ መሃል ላይ ከፍ ብሎ የቀረውን የመውረጃ አፍ እየዞረች አየች። ምርኩዟን ዘርግታ ያልተነሳውን ሴራሚክ ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ትቆያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ወንድሟ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገብቷል፤ የሞተሩ ድምፅ በክፍት በር ይሰማል።

እሷ መዶሻውን ይዛ ፍርስራሹ መሃል ቆማ ነበር። ወይ እርግማን፣ ወይ ምህረት፣ ብቻ አንድ ቃል እየጠበቀች እናቷን ታያለች።

«ምን ታይኛለሽ?» አለች እናቷ። «ምቺ እንጂ።»