ጨርቁ ከታሰረ ወዲህ

ብስክሌት ጠጋኙ ወደ ዓይን መለኪያው ክፍል ሲገባ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግራ ዓይኑ ፈጽሞ መሞቱ እንዲረጋገጥለት። ሐኪሙ ሐሙስ ዕለት ሊያወጣለት ቀጠሮ ይዟል። ዛሬ ሰኞ ነው።

ሁለቱም ዓይኖቹ ማየት ካቆሙ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀኙ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው፤ አያይም፣ አያመውም። ግራው ግን ቆስሎ ጠባሳ አወጣ፤ ጠባሳው እንደገና እየቆሰለ ሰውየውን ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ስቅሉን አሳየው። ጠብታም ቅባትም አልበጀውም።

«ዓይን አትበሉት፤ ምስማር ነው የተመታብኝ» ይላል።

የሰፈሩ ሰው «ዶሮው» ይለዋል። ማየት ካቆመ በኋላም ከሁሉ ቀድሞ ይነቃ ነበር። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሱቁ በር ሲከፈት የሰማ ጎረቤት ሰዓቱን በዚያ ያስተካክል ነበር። የተጣመመ ጎማ እያሽከረከረ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ሲያቃና ቆይቶ፣ «ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራል፤ ምሳዬ የታለ?» ሲል ሚስቱ የግድግዳውን ሰዓት ታይ ነበር። እውነትም አምስት ደቂቃ።

ሁለቱንም ዓይኖቹን ካስወጣ የቆየ አንድ ወዳጁ ከሳምንት በፊት ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። «ሕመሙስ ለቀቀኝ» አለው። «ግን ቀንና ሌሊቱ ተምታቶብኛል። ስብሰባ ላይ አንኮራፋለሁ፣ እኩለ ሌሊት ምሳ ስጡኝ እላለሁ። ክኒኑም አልያዘልኝም።» ዶሮው ሳቀለት፤ ማታ ግን አልበላም። ሐኪሙን ሲጠይቀው፣ «እንግዲያው ያስለኩት» አለው። «ሙት ከሆነ ቢወጣ የሚያጎድልብዎት ነገር የለም።»

መለኪያው ያለበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ከነጭ ካፖርቷ ሥር ሹራብ ደርባለች። የዶሮውን አገጭ ማሽኑ ላይ አስደገፈችና ግራ ዓይኑ ላይ የታሰረውን ጥቁር ጨርቅ ፈትታ አጠገቡ ለተቀመጠችው ሚስቱ ሰጠቻት።

«ጋሼ፣ ዓይን ለማየት ብቻ አይደለም» አለችው። «ብርሃን ሲገባበት ለሰውነት ‹ነግቷል፣ ንቃ› ብሎ ይነግራል። ማየቱ ቢቆምም ይሄኛው ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል፤ በተለይ ለሰማያዊ ብርሃን። እኔ ግራው ላይ አበራለሁ፤ ካሜራው የሚያየው የቀኙን ብሌን ነው። ግራው ብርሃኑን ከተቀበለ የቀኙ ብሌን ይጠብባል።»

«የግራውን ራሱን አታዪውም?»

«በጠባሳ ተሸፍኗል፤ አይታየኝም።»

«በይ እንግዲህ ባዶ ነው በይልኝ፣ የኔ ልጅ።»

«የሚለው ማሽኑ ነው፣ ጋሼ።»

በመጀመሪያ ቀኙ ላይ አበራች፤ ምንም የለም። ግራው ላይ ቀይ አበራች፤ ምንም። ሚስትየዋ ማያ ገጹን እያየች በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ሰማያዊው በራ። ዶሮው ጥርሱን ነክሶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ማያ ገጹ ላይ የቀኝ ዓይኑ ብሌን ቀስ እያለ ጠበበ፤ ከስድስት ሚሊሜትር ወደ ሦስት ተኩል። መብራቱ ጠፋ። ብሌኑ እንደጠበበ ቆየ።

«እህ? ምን አለ?»

«ምንም» አለች ሚስቱ፣ ባለሙያዋ አፏን ሳትከፍት። «ንቅንቅ አላለም።»

«አንቺ ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል» አላት። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ንገሪኝ።»

«ይሠራል፣ ጋሼ። ግራው ይሠራል።»

ባለሙያዋ ወረቀቷን ስባ ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው።

«እሱማ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆነው» አለች ሚስቱ። «ቀን ይተኛል። ባለፈው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፍቶ ሰፈሩ ሌባ ገባ ብሎ ወጣ። የሕመም ማስታገሻው ነው ብለን ነበር።»

«ያኔ ምን ለወጣችሁ?»

«ምንም...» አለችና እጇ ጭኗ ላይ ባለው ጨርቅ ላይ ቆመ። ከአሮጌ ካፖርት ገበር ድርብ አድርጋ የሰፋችው ነው፤ ብርሃን ግራ ዓይኑን ስለሚያመው። ጎረቤት፣ «ዕውርን ደግሞ ብርሃን ያመዋል?» ብሎ ስቆባታል። ካሰረችለት ሁለት ወሩ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «በገዛ እጄ አጨለምኩበት።»

«እንዲያርፍ ብለው ነው፣ እናቴ» አለች ባለሙያዋ። «ጠዋት ጠዋት ሳይሸፈን ደጅ ይቀመጥ። ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ካልሆነም ለግማሽ። ከዚያ በኋላ ይሸፍኑት። እንቅልፉ ይመለስ ይሆናል። ሐሙስ ከወጣ ግን... ሌላ የለውም።»

ወደ ግቢው ወጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነበረች።

«ፍቺውና ቁጠሪ» አለ። «ዶሮ ፀሐይ ፈራ እንዳይሉኝ።»

ፈታችለት። ደቂቃውን ልትቆጥር ስልኳን አወጣች። ወዲያው እንባው በጉንጩ ወረደ። ቀልዱ ቆመ፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማ ጀመር። ወንበሩን በአንድ እጁ ጨበጠ፣ የሌላውን እጁን እጅጌ ነከሰ፤ ከጉሮሮው የወጣውን ድምፅ ስትሰማ አንዲት ነርስ ከመንገዷ ቆመች።

«እሰሪው! በቃ፣ እሰሪልኝ!»

ስትቸኩል ሁለት ጊዜ ቋጠሮውን ሳተች። ሲታሰርለት እንደ ልጅ ራሱን ደረቷ ላይ ጣለ። ብዙ ቆይቶ ቀና አለ።

«ስንት ሞላሁ?»

ስልኩን አየች። አራት ደቂቃ።

«አሥራ አምስት» አለች፣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ።

እሱ የሚሽከረከር ጎማ እንደሚያዳምጥ ራሱን ዘንበል አደረገ። ድሮ ቢሆን አራት ደቂቃ መሆኑን አውቆ ይስቅባት ነበር።

«አሥራ አምስት!» አለ፤ ፈገግ አለ። «እንግዲያው ይቻላል ማለት ነው። ነገ ሃያ እናደርገዋለን። ለሐኪሙ ደውዪና ሐሙስን ሰርዢው።»

ስልኩ እጇ ላይ ነበር።

«አትደውዪም እንዴ?» አላት።