የአባቴ የመጨረሻ ማገዶ

አርባ ዓመት ሙሉ እንጨት ስጠርብና ወረቀት ስለጥፍ ኖሬ አንድም ሰው አስመስዬ አላውቅም። ይሄን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ። የመንደራችን ምክር ቤት «የወንዟ ሴት» ያልኳትን ቅርጽ ገዝቶ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ባቆማት በሳምንቱ ሦስት ብስክሌት ታስሮባት አገኘሁ። አንድ የጥርስ ሐኪም ወረቀት ለጥፌ የሠራሁትን ኮላጅ ገዝቶኝ ዘቅዝቆ ሰቅሎት ኖሯል፤ እኔ ራሴ ጥርሴን ልነቀል ተመላልሼ፣ ያወቅኩት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። ስለ ሥራዬ የጻፈ አንድ ጋዜጠኛም ነበር። «እንጨቱ ጥራት ያለው ነው» ብሏል። ቆርጬ አስቀምጨዋለሁ።

ከሁሉም የምትብሰው ግን እናቴ ጉንቮር ናት። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ኤግዚቢሽን ባሳየሁ ቁጥር በአውቶቡስ ትመጣና ቅርጹ ፊት ቆማ፣ መነጽሯን ከፍ ዝቅ አድርጋ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ትል ነበር። አንዴ «አንቺ ነሽ እማዬ» ብላት «እግዜር ይይልህ» ብላኝ ለእንግዶች ወደቀረበው ኬክ ሄደች።

አባቴ ኦስሙን ባለፈው መጋቢት ሞተ። ለብርዱ ወራት የሚሆነውን ማገዶ ፈልጦ ጨርሶ፣ ሳይደረድረው ነው የሞተው። እኛ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ሰው የሚመዘነው በማገዶ ክምሩ ነው። ድሮ ልጃገረዶች ባል የሚመርጡት ክምሩን አይተው ነበር ይባላል። ክምሩ ቀጥ ያለ ሰው፣ ሰውዬውም ቀጥ ያለ ነው። ክምሩ የሚደረመስበት ሰው ግን… እኔ ሳላገባ እንደቀረሁ ልብ በሉልኝ።

እናም ያ ሁሉ በርች የሚባለው ዛፍ ፍልጥ ግቢው ውስጥ እንደተቆለለ ሲቀር፣ ጎረቤቱ በሙሉ መቼ እንደምደረድረው ይጠባበቅ ጀመር። እኔ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ማገዶውን ራሱን አባቴን ላደርገው። ሦስት ወር ለፋሁበት። ፍልጦቹን በሚስማር አያያዝኩ፣ ትከሻ አወጣሁለት፣ ጫፍ ጫፋቸው ላይ እሱ በየቀኑ ይበላው ከነበረው የሰርዲን ጣሳ ላይ የተላጠ ወረቀትና የድሮ ጋዜጣ ለጠፍኩ። ሲያልቅ ራቅ ብዬ አየሁት። የተጋጨ ትራክተር ይመስል ነበር።

ቢሆንም ይሄን አንዱን እናቴ እንድታውቅልኝ ፈልጌ ነበር። አሁን የአረጋውያን መኖሪያ ገብታለች፤ የምትመጣው እሁድ እሁድ ነው። መርሳት ጀምራለች፣ ሐኪሟም እየባሰባት እንደሚሄድ ነግሮኛል። ፊቶች ሁሉ ሳይጠፉባት በፊት፣ አንድ ሥራዬን አይታ «ኦስሙን» ብትልልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ኧረ ውሸቴን ነው፣ ብዙ ነገር እፈልግ ነበር። ከሁሉም ግን ይሄን።

ቅዳሜ ሙጫ ልገዛ ከተማ ወረድኩ። ስመለስ ቅርጼ የለም። ግቢው ተጠርጓል፤ በቤቱ ግድግዳ በኩል ሰባት ሜትር የሚሆን የማገዶ ክምር ቆሟል። ጎረቤታችን ቶርጌርና ሌሎች አምስት ሰዎች ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ዋፍል የሚባለውን ቂጣ በጃም ይበላሉ። ለካ ደቦ ወጥተውልኛል።

ቶርጌር ሰማንያ የሚጠጋ ሰው ነው፤ ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ማገዶ አብረው ደርድረዋል። «አባትህ ከሞተ ወዲህ እጅህ አልታዘዝ እንዳለህ አይተናል» አለኝ። «ለመደርደር ስትሞክርም አይተናል። አይዞህ፣ ማንም ላይ ይደርሳል።»

«ቶርጌር፣ እሱ እኮ ቅርጽ ነበር።»

የጎረሰውን ዋጠ። «የቱ?»

«የተቆለለው።»

«ሚስማር ነበረበት እኮ» አለ። «የሰከረ ሰው የመታው ነው የሚመስለው። ነቅለን ነቅለን ክንዳችን ዛለ።»

«ወረቀቱስ?»

«በቢላ ፍቀን ባልዲ ውስጥ አደረግነው። ለመለኮሻ ይሆንሃል።»

በንዴት ጨስኩ። ነገር ግን በደቦ የመጣ ሰው ላይ እንዴት ይጮሃል? እዚህ አገር ቤትህን ቢያፈርሱብህም በደቦ ከሆነ ታመሰግናለህ። አመሰገንኩ። ዋፍሉንም በላሁ፣ ደገምኩም። ከዚያ ገብቼ ትራሴን ስደበድብ ዋልኩ።

እሁድ እናቴን በመኪና አመጣኋት። ምን እንደማሳያት አላውቅም። ክንዷን ይዤ ወደ በሩ ስወስዳት ክምሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

ያኔ ነው እኔም ደህና አድርጌ ያየሁት። ክምሩ ወደ ግራ ትንሽ ዘሟል። አባቴ ቀኝ ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ የሚደረድረው ሁሉ ወደ ግራ ያዘም ነበር፣ በአጣናም ይደግፈው ነበር። ቶርጌር ዘመሙን አላስቀረም፤ አጣናውንም በቦታው አቁሞታል። ቀጫጭኑን ፍልጥ ደግሞ ለእናቴ እንዳይከብዳት በበሩ በኩል፣ በደረቷ ቁመት ልክ ለብቻው አድርጎታል። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርግላት። እዚያ ቤት ተወልጄ አድጌ፣ ዓይን አለኝ ብዬ በዓይኔ ስተዳደር ኖሬ፣ ይሄን አንድ ቀን አስተውዬው አላውቅም። አፈርኩ።

«ኦስሙን» አለች እናቴ።

እጇን ፍልጦቹ ላይ አሳርፋ አለቀሰች። በቀብሩ ዕለት እንኳ አላለቀሰችም ነበር። ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ሃልዶር፣ አንተ ነህ የሠራኸው?»

ቶርጌር ከአጥሩ ማዶ ድንቹን ይኮተኩታል። ሰምቷል፤ ይባስ ብሎ አቀረቀረ። አዎ ብል ትንፍሽ እንደማይል አውቃለሁ። እሷም እስከ ማክሰኞ ትረሳዋለች። ማን ይጎዳል? አፌን ለመዋሸት ከፈትኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጭንቅላቴንም በአዎንታ መነቅነቅ ጀምሬ ነበር።

«አይ እማዬ፣ ቶርጌር ነው» አልኩ። «እኔ አልቻልኩበትም።»

መነጽሯን አስተካክላ ትኩር ብላ አየችኝ። እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«እሱም እንዲህ ነበር» አለች። «ያልሠራውን ሠራሁ አይልም። አሁን ቁርጥ አባትህን መሰልክ።»

እንባዬ መጣ። እሷ ግን ከቀጫጭኑ ፍልጥ አራቱን መዝዛ አሸከመችኝና «ና እንግዲህ ምድጃውን አንድድልኝ፣ በርዶኛል» ብላ ቀድማኝ ገባች።