«ገፋ» የሚለውን ግስ የፈታው ሰው

የመዝገበ ቃላቱ ዋና አዘጋጅ ጠዋት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የታችኛው ቁም ሣጥን መቆለፉን ማረጋገጥ ነበር። ቁልፉ ከኪሱ አይለይም። ምሳውን እንኳ ጠረጴዛው ላይ የሚበላው ቁም ሣጥኑን ጥሎ ላለመውጣት ነው። ባልደረቦቹ «ሥራ ይወዳል» ይሉታል። እሱ ግን ሥራ መውደድ ከተወ ቆይቷል።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ አሥራ አንድ የጫማ ካርቶን አለ። ካርቶኖቹ የሟች ጓደኛው ናቸው። ጓደኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃል ሲለቅም የኖረ፣ በየገበያው፣ በየአውቶቡሱ፣ በየሐኪም ቤቱ ወረፋ የሰማውን ሁሉ ትንንሽ ካርድ ላይ የሚጽፍ ሰው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «አባ ካርድ» ነበር የሚሉት። አንዱ ሲሰድበው «እባክህ ድገምልኝ» ብሎ እስክሪብቶ አወጣ እየተባለ ይሳቅበታል፤ ውሸትም አልነበረም። ሲሞት ሚስቱ ካርቶኖቹን፣ ያኔ ተራ ጸሐፊ ለነበረው ለዚህ ሰው ሰጠችውና፣ «ለመሥሪያ ቤቱ አስረክብልኝ፤ ልፋቱ ሜዳ ላይ እንዳይቀር» አለችው።

ሊያስረክብ አስቦ ነበር። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ይነግረዋል። ግን የጓደኛውን የእጅ ጽሕፈት ከሱ በቀር የሚያነብ ስላልነበረ፣ መጀመሪያ ልገልብጠው አለ። አንድ ዓመት ሙሉ አቀርቅሮ በአዲስ ካርድ ላይ ገለበጠ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ከኋላው መጥቶ ቆመና፣ «ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የሠራኸው?» አለው። አፉን ሲከፍት «አዎ» የምትል ቃል ወጣች። በቃ፣ ነገሩ ያችው ናት። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ፣ ሹመቱም፣ ምስጋናውም፣ በመጀመሪያው ቅጽ ሽፋን ላይ በትልቁ የታተመው ስሙም ያቺን «አዎ» ለመደገፍ የቆመ ምሰሶ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት «ወርቅ» በሚለው ቃል ሥር ሲያስገባ ሁለት ጊዜ ሰርዞት ነበር፤ ያም ቢሆን አስገባው፤ አባ ካርድ ጽፎታላ።

መጽሐፉ በወጣ በአራተኛው ዓመት አዲስ አራሚ ተቀጠረች። ከሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት ተዛውራ የመጣች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀይ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ የምትሠራ ሴት ናት። ጠረጴዛዋን ከሱ ፊት ለፊት አደረጉት። በመጀመሪያው ቀን እጇን ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ አላስታወሱኝም መሰለኝ። የአባ ካርድ ልጅ ነኝ» አለችው።

«አደግሽ» አላትና ወንበሩን ወደ ቁም ሣጥኑ አስጠጋ።

ከዚያ ወዲህ ቢሮው ጠበበው። ያቺ ክፍል ድሮም አንድ መስኮት ብቻ ነበራት፤ መስኮቷም የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ እንጂ ሰማይ አታሳይም። ሴትዮዋ እሱ የገለበጣቸውን ካርዶች ለማየት ወደ መሳቢያዎቹ በተነሣች ቁጥር ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ይዳስሳል። ወደ ሌላ ፎቅ ልዛወር ብሎ አመለከተ፤ ሥራ አስኪያጁ «ሁለተኛውን ቅጽ ማን ሊጨርሰው ነው?» ብሎ መለሰው። ፈቃድ ጠየቀ፤ ከለከሉት። ካርቶኖቹን አውጥቼ ላቃጥል ብሎ ያሰበበት ቀንም ነበር። እሷ ግን ከሱ ቀድማ ትገባለች፣ ከሱ ኋላ ትወጣለች። ደግሞስ በየትኛው አንጀቱ ያቃጥላል?

ሰባት ወር እንዲህ ሆኖ ከረመ። ሁለተኛው ቅጽ «ገ» ላይ ሲደርስ «ገፋ» የሚለው ግስ መጣ። በካርቶኖቹ ውስጥ የ«ገፋ» ካርድ የለም። ሰውየው ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ጭንቅላቱ ቃል ሊፈታ ተገደደ፤ ሁለት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ ሁለት የተለያየ ቃል አድርጎ ጻፈው። አንዱ ጋሪ የሚገፋው፣ በር የሚገፋው፣ ወተት የሚገፋው ነው። ሌላው ሰውን ከመብቱ የሚያፈናቅለው፣ የሌላውን የኔ ነው የሚለው፣ «ግፍ»ም የተገኘበት ነው።

አራሚዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አንድ ቃል ነው።»

«ጋሪ መግፋትና ሰው መግፋት ምን አገናኛቸው?»

«ድንበር የሚገፋ ሰው አያውቁም? ባንዴ አይወስድም። ዘንድሮ አንድ ስንዝር፣ ለከርሞ አንድ ክንድ። ባለቤቱ ዝም ካለ ደግሞ ዱሮም የኔ ነበር ይላል። ጋሪውንም እንደዚያው ነው የሚገፉት፤ ትንሽ ትንሽ።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«አባቴ ጽፎታል።»

ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጣች። አባቷ በሞተበት ሳምንት ከካርቶን አውጥቶ ሲያርመው የነበረ ነው፤ ከቀብር ስትመለስ ከጠረጴዛው ላይ ለማስታወሻ ያነሣችው። ያ እሱ ብቻ የሚያነበው ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ገፋ። በጥንቱ ቋንቋ መጨረሻው ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበረው፤ ገፍዐ። ገፋ፣ ተጫነ፣ በደለ ማለት ነው። ግፍ ከዚሁ ነው። ምሳሌ፦ ገፍቶ ገፍቶ በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረገኝ (አንዲት ሴት፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ)።» ጥግ ላይ ቁጥር አለ፤ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ሰባት።

ሴትዮዋ ተነሥታ መሳቢያውን ሳበችና ሁለት ካርዶች አምጥታ ፊቱ አኖረች። ሁለቱም የሱ የእጅ ጽሕፈት ናቸው። አንዱ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ስድስት፣ ሌላው ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ስምንት ይላል።

«ቁጥሩን እንኳ ሳይለውጡ ነው የገለበጡት» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም።

ሦስቱን ካርዶች በቁጥራቸው ደረደረ። «መቼ አወቅሽ?»

«በመጣሁ በሳምንቴ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናቴ ናት። ጓደኛው ነው፣ ራሱ ይናገራል አለችኝ። ይኸው ስንጠብቅ ሰባት ወር።»

ያን ቀን ከሰዓት ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ሰማው። ሲጨርስ በሩን ዘጋና፣ «ስማ» አለው፣ «መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ገብቷል። ይሄ ነገር ከወጣ ቅጹ በሙሉ ይሰበሰባል፣ ሁለተኛውም ይቀራል። የጓደኛህን ሥራ መቅበር ከፈለግህ ተናገር። ካልሆነ ሕሊናህን ቤትህ አስታመው።»

«እንግዲያው ልልቀቅ።»

«ጽሕፈቱን የሚያነብ ሌላ ሰው አለን?»

አልነበረም። ቢናገር ሟቹን ከነመጽሐፉ ይቀብረዋል፤ ዝም ቢል እንደገፋው ይኖራል።

በማግስቱ ካርቶኖቹን በጠራራ ፀሐይ አውጥቶ፣ ታክሲ ይዞ ወደ መበለቲቱ ቤት ሄደ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አወጣቸው። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው አዩት እንጂ ግባ አላሉትም።

«ለመሥሪያ ቤቱ አስረክብ ነበር ያልኩህ» አሉት።

«አስረከብኩ፤ በራሴ ስም።»

«እሱንማ አውቃለሁ።» ካርቶኖቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። «አለቃህ ምን አለህ?»

ነገራቸው። አሮጊቷ ግንባራቸውን አሹ። «እኔስ ምን ላድርጋቸው? ዓይኔ ፊደል አይለይም። ልጄም ግማሹን አታነበውም። መልሰህ ውሰዳቸው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ስለ ይቅርታው መጽሐፉን ስትጨርስ እንነጋገራለን። አሁን ሥራህን ሥራ።» በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አወረዳቸው።

ያን ዕለት ካርቶኖቹን ቁም ሣጥን ውስጥ አልመለሳቸውም፤ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ደረደራቸው። «ገፋ»ን አንድ ቃል አድርጎ፣ ከካርዱ ላይ አንዲት ፊደል ሳያጎድል ገለበጠ። በሁለተኛው ቅጽ ላይ የሱ ስም ቀርቶ የሟቹ እንዲታተም ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ የሟቹን ስም አላወጣም አለ። አራት ስብሰባ ተጨቃጨቁበት፤ መጽሐፉም የማንም ስም ሳይኖርበት ታተመ። የመጀመሪያው ቅጽ ግን ዛሬም በሱ ስም እየተሸጠ ነው።

አራሚዋ እስካሁን ፊት ለፊቱ ትሠራለች። ስትጠይቀው ይመልሳል፤ ሲጠይቃት ትመልሳለች። ጋሼ ማለቷን ግን ትታለች፤ «እርስዎ» ብቻ ነው የምትለው። ለጡረታው ስድስት ዓመት ይቀረዋል።