ቁረይሻን ከዘፈኑ አላወጣም ያልኩ ለት

ወታደሩ የቴዎድሮስን ስልክ ጆሮው ላይ ሲለጥፍ ፊቴን አዞርኩ። ስልኩ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኛ። ሰው ገደልኩ እያልኩ የምጮኸው እኔ።

ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ እየሄድን ነበር። አውቶቡሱን የሞላው ሰሊጥ አጭዶ ሌላ ሥራ ፍለጋ የሚሻገር የአገሬ ሰው ነው። ኬላው ላይ ሁላችንንም አውርደው አሰለፉን። የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ሐበሻ ከሆንክ ከመታወቂያህ በፊት ስልክህን ነው የሚጠይቁህ።

ቴዎድሮስ እዚያው ገዳሪፍ ያደገ ጎረምሳ ነው፤ ጊታር ይመታል። ዴዝ ሜታል የሚሉት ሙዚቃ አለ፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ዘፋኙ እንደሚታረድ በሬ የሚያገሳ። የዚያን ዓይነት አልበም ይሠራ ነበር። ዘፋኝ አጥቶ ሲንከራተት እኔን ማሳ ላይ ሰማኝ። እኔ አውራጅ ነኝ፤ አጫጆቹ ማጭድ የሚጥሉት በኔ ዜማ ነው። በልጅነቴ የኔታ "ይኸ ጅብ ዜማ ያበላሽብኛል" ብለው ከተማሪ መሀል አስነስተውኛል። እሳቸው ሞተዋል፤ እኔ ግን አልረሳሁላቸውም። ስለዚህ ቴዎድሮስ "እንዲህ ያለ ጉሮሮ አይቼ አላውቅም" ሲለኝ እሽ አልኩ።

እሱ ያመጣው ምት ሁሉ ሩጫ ነበር። "ቀስ በል እንጅ! በዚህ ፍጥነት ያጨደ ሰው የገዛ ጣቱን ነው የሚያጭደው" አልኩት። የአጨዳውን አካሄድ ጉልበቴን በመዳፌ እየመታሁ አሳየሁት፤ ሁለት ከባድ፣ ትንፋሽ፣ አንድ ከባድ። ጊታሩን ወደዚያ አወረደው። ሩጫው ተሰብሮ ያ ከባዱ ሲገባ አንገቴ ሳላዘው ተነቀነቀ። "ግሩቭ ማለት ይኸ ነው" ብሎ አስረዳኝ። ያመጣሁትን ለራሴ ያስተምረኛል!

ግጥሙም ሬሳ፣ ደም፣ መቃብር ብቻ ነበር። "የማን ሬሳ? የት አገር? ቦታ የሌለው ፉከራ የሌባ ፉከራ ነው" አልኩት። ፎካሪ ያልገደለውንም ገደልኩ ይላል፣ ደንቡ ነው፤ ቦታውን ግን መጥራት አለበት። እኔም ያጨድኩበትን ጠራሁ፦

ዘራፍ! ቁረይሻ ላይ ወታደር ያስተኛ፣
ጠበንጃም አይሻ፣ ማጭዱ ነው ዳኛ!

"አያ ስንሻው፣ ቦታውን እናውጣው። የሱዳን ወታደር ያለበት ድንበር ነው፣ ያስጠረጥረናል" አለኝ። የአልበሙን ሽፋን ያየሁት ያን ለት ነው፤ ያለበት የሱ ስም ብቻ።

"ስሜን አውጥተሃል፤ ቦታዬን አታወጣም" አልኩት። ቁረይሻ በዘፈኑ ቀረች።

በኋላ ኮምፒዩተሩ ተቃጠለና አልበሙ ስልኩ ላይ ብቻ ቀረ። ከሰላ ያለች ናጽነት የምትባል ልጅ ድምፁን ታስተካክልልናለች ተብሎ ነው መንገድ የወጣነው።

ወታደሩ "ቁረይሻ" የምትለዋን ለመስማት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ለቀረው ግን የአውቶቡሱን ረዳት ጀማሉን ጠራው። ጀማሉ የመተማ ሰው ነው። አየኝና አንገቱን ደፍቶ ቃል በቃል ተረጎመ። አልፈርድበትም፤ ቢዋሽና ሌላ አማርኛ አዋቂ ቢጠሩ እሱም አብሮን ነበር።

"ይኸ ዘፈን ነው?" አለ ወታደሩ። "ተኩስ ይሰማል።"

"ከበሮ ነው፤ በኮምፒዩተር የሠራሁት" አለ ቴዎድሮስ በዓረብኛ።

"የሚጮኸውስ?"

ቴዎድሮስ ወደኔ አላየም። ይኸን እመሰክርለታለሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። እንደ ጫጩት ነው የወጣኝ።

ወታደሩ ሳቀ። "አንተ? በል ጩህ!"

አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

"ውሸታም" አለና ቴዎድሮስን በክንዱ ይዞ ወደ ቆርቆሮው ቤት ይጎትተው ጀመር። ከኛ በፊት የነበረው አውቶቡስ እዚያ ቤት ሰው ትቶ ነው የሄደ።

ቴዎድሮስ እየተጎተተ በነጻ እጁ የአውቶቡሱን ጎን መታ። ሁለት ከባድ፣ ትንፋሽ፣ አንድ ከባድ። ደግሞ መታ። ያኔ ከተሰለፉት አጫጆች መሀል "አሃ!" የሚል ተነሳ። ተቀበሉ፤ ያን ምት ሰምቶ ዝም የሚል ተቀባይ የለም። እነሱ ሲቀበሉ ከሆዴ ተገፍቶ ወጣ። ቃል የለው፣ ዘራፍ የለው፣ ግሳት ብቻ። ከአሸዋ ከረጢቱ ኋላ ያለው ሌላው ወታደር ጠበንጃውን ወደኔ ሲያዞር አየሁት። ማቆም ግን አልቻልኩም።

ቴዎድሮስን የያዘው ወታደር ክንዱን ለቀቀ።

"ይኸንስ አውቀዋለሁ" አለው ለጀማሉ። "አባቴ እርሻ ላይ ሐበሾቹ ሲያጭዱ እንዲህ ይላሉ።" አሁን አልሳቀም። ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ዘፈኑን፣ ፎቶውን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ በአውራ ጣቱ አጠፋና ለቴዎድሮስ ወረወረለት። "ሂዱ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።"

አውቶቡሱ ሲነሳ የቴዎድሮስን እጅጌ ይዤ ነበር። ልልቀቀው ብል ጣቶቼ እምቢ አሉ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

"አያ ስንሻው።"

"ምን ትሆን?"

"አሁን የጮህከው ከተቀረጸው ይበልጣል። ቃል ሳይኖረው ነው የሚያስፈራው። ናጽነት ዘንድ ስንደርስ እንደዚያው አድርገህ..."

በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ደግሞም እውነቱን ነው፤ ያ ነው የሚያናድደኝ።

ጀማሉ ከበሩ ዞሮ "ሌላ ኬላ ነው! ስልክ አዘጋጁ!" አለ።

ቴዎድሮስ ስልኩን አወጣ። አንድ ስም፣ አንድ ፎቶ የለበትም። ተያየን።

"ባዶ ስልክ የያዘ ሐበሻ ምን ደብቆ ነው አይሉም?" አለኝ በሹክሹክታ።

አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ።