ልመና የሌለበት ወረቀት

አራጌ በመካነ ሰላም ፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ራፖር ጽፏል። በክፉው ቀን፣ በስድሳ አምስትና በስድሳ ስድስት፣ ከወግዲ በኩል የሚመጣው ረኃብተኛ ከፊቱ ተሰልፎ ይውል ነበር። «ከእግርዎ ሥር ወድቄ» ብሎ ይጀምራል፤ የአመልካቹን ስም ይጽፋል፤ የልጆቹንም ስም ይጽፋል። መልስ የመጣለት አንድም ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ከከተማ ሳይወጣ ባለቤቱ የሞተበትም ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አራጌ በቁሙ የሚያልም ሰው ሆነ። ጉም ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ወጥቶ ደጋውን ሲያለብሰው፣ እነዚያ የጻፈላቸው ሰዎች ተከናንበው በጉሙ ውስጥ የሚያልፉ ይመስለዋል። አይናገሩም፤ ወረቀታቸውን እንደያዙ ያልፋሉ። እሱም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ይነሣል። ሰዉ «አራጌን ጉም ወሰደው» ሲል ይሰማል፤ አይቀየምም።

በስድሳ ሰባት መሬት ላራሹ ታወጀ። ክረምቱ ሲገባ የአራጌ መንደር ገበሬዎች ማኅበር አቋቋሙና መተዳደሪያ ደንቡን እንዲጽፍ እሱን መረጡት። በወይራው ሥር ክርስቲያኑም እስላሙም ተሰበሰበ። ምናለ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘማች ተማሪ፣ በማኪና የተጻፈ ናሙና ይዞ ከጎኑ ተቀመጠ።

አራጌ ብዕሩን ቀለም ነከረ። እጁ በልማዱ ሄደና «ከእግርዎ ሥር ወድቀን» ብሎ ጻፈ። ደንግጦ ቆመ።

«ለማን ነው የሚጻፈው?» ሲል ተማሪውን ጠየቀው።

«ለማንም አይደለም፣ ጋሽ አራጌ። ለራሳችሁ ነው።»

አራጌ ነገሩን ደጋግሞ አሰበው። ለራሱ የሚጽፍ ሰው ከማን እግር ሥር ይወድቃል? ወረቀቱን አጥፎ ከጭኑ ሥር ሸሸገና በሌላ ላይ «እኛ» ብሎ ጀመረ። ቃሏ ትንሽ ናት፤ ትኩር ብሎ ሲያያት ግን ተራራውም ዛፉም ሰዉም እሷ ውስጥ የገባ መሰለው።

ስምንተኛውን አንቀጽ ሲጨርሱ ብዙዬ ተነሣች። ባሏንና ሁለት ልጆቿን በረኃቡ የቀበረች ሴት ናት።

«አቶ አራጌ፣ አንቱ ሁለት ጊዜ ጽፈውልኛል። የሚሰማ ሹም አላገኘሁም፤ የማይሰማውንም የሚያነሣ አልነበረም። አሁን የምንሾመው ሰው ባይሰማን መሻር እንችላለን?»

ምናለ ናሙናውን አገላበጠ። «እዚህ ላይ የለም» አለ ቀስ ብሎ።

ሊቀ መንበር እንደሚሆን ሁሉም የሚያውቀው ፈንታሁን ሳቀ። «ገና ሳትሾሙኝ ልትሽሩኝ ነው?»

«አብሽር፣ ፈንታሁን» አሉ የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ጀብሪል። «የማይሻር ሹምማ አይተናል። ይጻፍ።»

እጅ ወጣ። አራጌም በዘጠነኛው አንቀጽ «እኛ የሾምነውን እኛ እንሽራለን» ብሎ ጻፈ። ፈንታሁን በዚያው ቀን ተመረጠ።

በጥቅምት ከላይ የተላከ አንድ ሹም በበቅሎ መጣ። ደንቡን አነበበና ጣቱን ዘጠነኛው ላይ አሳረፈ። «ይህ ይውጣ። ሊቀ መንበርን የሚያነሣው የበላዩ ነው። ይህን ትተህ ገልብጠህ አምጣልኝ።»

አራጌ ዕድሜውን ሙሉ የታዘዘውን ጽፏል። ያን ጊዜ ጉሙ ገባ፤ አጥሩን፣ በቅሎዋን፣ የሹሙንም ፊት ቀስ እያለ ሸፈነው። በዓለም ላይ ድምፅ ብቻ የቀረ መሰለው። የራሱንም ድምፅ ከሩቅ ሰማው።

«ጌታዬ፣ እኔ እጅ ነኝ። ያጻፈኝ ጉባኤው ነው። ጉባኤው ተሰብስቦ ይሰርዘው።»

ሹሙ ጉባኤውን አስጠራ። «ይሰረዝ የሚል እጁን ያውጣ» አለ። ማንም አላወጣም። ፈንታሁንም መሬት መሬት እያየ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ ቀረ። ሹሙ አንቀጹን ራሱ በቀይ ቀለም ሰረዘውና አራጌን አስከትሎ ሄደ። አራጌ አሥራ አንድ ቀን ታስሮ ተመለሰ።

በዓመቱ ፈንታሁን የማኅበሩን የዘር እህል ለዘመዶቹ ብቻ አከፋፈለ። ወሬው ሲሰማ ሰዉ ጠሪ ሳይጠብቅ በወይራው ሥር ተሰበሰበ። ብዙዬ ጠየቀችው፤ እሱም አልካደም።

«ረኃቡ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ» አለ። «ፈራሁ።»

ከተሰበሰበው መካከል ያልፈራ አልነበረም። ከዚያ ደንቡ ይነበብ ተባለ። አራጌ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ፤ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን ሳይቀንስ ዘጠነኛውንም አነበበ። ይሻር ተብሎ እጅ ወጣ፤ የፈንታሁን ወንድም እንኳ አወጣ።

ፈንታሁን የማኅበሩን ጎተራ ቁልፍ ከመቀነቱ ፈትቶ ለብዙዬ ሰጣት። ወዴት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት ቆመ። ሼህ ጀብሪል ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ከጎናቸውም ተቀመጠ።